ደብተሩ እናትየው ዘንድ ይቀመጥ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጡት ዳገቶች ላይ ከሰፈሩት መንደሮች ብዙዎቹ በየካ ክፍለ ከተማ ሥር ናቸው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩትን ሁለት ሰዎች ያበጀኋቸው በእነዚህ መንደሮች የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችን አስቤ ነው። አንዱ የእድር ዳኛ ናቸው፤ ሌላዋ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ነርስ። የሚመክሩበት ልጅም የብዙ ልጆች ኑሮ በአንድ ልጅ ላይ የተሰበሰበበት ነው። የሚጠቅሷቸው ዓመታት፣ ተቋማትና ስመ ጥር ሰዎች ግን እውነተኛ ናቸው።

ጋሼ፦ መልእክትሽ ደርሶኛል ሲስተር። «ቅዳሜ ከሰዓት ስለ አንድ ልጅ ለመምከር ይቀመጡልን» ብለሻል። እኔ እኮ የእድር ዳኛ ነኝ። ድንኳን ትከል ካልሽኝ እተክላለሁ፣ አስቀብር ካልሽኝ አስቀብራለሁ። በታመመ ልጅ ጉዳይ ምን ልረባሽ ነው?

ሲስተር፦ የሚያክም አላጣንም ጋሼ። ያጣነው አብሮ የሚቀመጥ ነው። ልጁን ያውቁታል፤ ከቦኖው በላይ የምትኖረው፣ ከእንጦጦ ቅጠል እያወረደች የምትሸጠው የዚያች ሴትዮ ልጅ ነው።

ጋሼ፦ አውቀዋለሁ እንጂ። ስድስት ዓመት ሆኖት ዛሬም እናቱ ጀርባ ላይ ነው። ሲጥለውም አይቻለሁ። ሰዉ ልክፍት ነው ይላል።

ሲስተር፦ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ምጡ ሲረዝም አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎድቷል። ሌላውን ልጅ ደግሞ ከተወለደ በኋላ የሚይዘው ጠና ያለ የቢጫነት በሽታ ወይም ማጅራት ገትር እንዲህ ያደርገዋል። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ግን ጡንቻው ይገታተራል፤ ካላፍታቱት መገጣጠሚያው እየደረቀ ይሄዳል። እንዲህ ባሉ ብዙ ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ይደረባል፤ እሱም ላይ ተደርቧል።

ጋሼ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሐኪም እያለ የእኛ መሰብሰብ ምን ይጨምራል?

ሲስተር፦ አንዱን ሳምንቷን ልንገርዎትና ይፍረዱ። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት «ጠዋትና ማታ ምንጣፍ ላይ አስተኝተሽ እግሩን አፍታቺው» አላት። ልክ ነው። ሴፍቲኔት ላይ መሥራት የምትችል ተብላ ስለተመዘገበች ጠዋት ጠዋት የአካባቢ ጽዳት ሥራ ላይ መገኘት አለባት። እሱም ልክ ነው፤ ክፍያው የሚመጣው ከዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁን ለመመዝገብ ከሐኪም ወረቀት አምጪ ብሏታል። ጤና ጣቢያው የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በየወሩ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂ ይላታል። አማቷ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠበል ካልተጠመቀ አይሻለውም ብለው ይዘዋታል። አምስቱም ለልጁ አስበው ነው። አምስቱ ሲደመሩ ግን ማንም ሰው ሊኖረው የማይችል ሳምንት ይወጣል። እሷም ከአምስቱ ሁለቱን ተወች። የተወችው ምንጣፉንና መድኃኒቱን ነው።

ጋሼ፦ መድኃኒቱን?

ሲስተር፦ ከጠበሉ ጋር አይሄድም ብለዋት። መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ነው፤ በድንገት ከተቋረጠ ልጁን ሳያባራ ሊጥለው ይችላል፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። ካርዷን ገልጬ ሳይ የተጻፈው «ቀጠሮ አታከብርም» የሚል ነው።

ጋሼ፦ ይህ የቢሮ ጣጣ ነው። አንድ መስኮት የሚሉትን አምጥተው ሁሉንም እዚያው ለምን አይጨርሱላትም?

ሲስተር፦ አንድ መስኮት ወረቀት ያፋጥናል፤ ሳምንቷን አያቃናላትም። እዚያም ቆማ የምትሰማው ትእዛዝ ነው። እኔ የምልዎት ሌላ ነው። ለልጁ የሚገዳቸውን ሰዎች እናትየው ራሷ መርጣ ትጠራለች። ሲቀመጡ መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት። ከዚያ አንድ ዕቅድ ይጻፋል፤ ማን ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ። በወሩ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው የሆነውንና ያልሆነውን ያያሉ። ያልሆነ ነገር ካለ ዕቅዱ ይለወጣል እንጂ እናትየው አትወቀስም።

ጋሼ፦ እነማንን ጠራች?

ሲስተር፦ እርስዎን። አማቷን። የትምህርት ቤቱን የልዩ ፍላጎት መምህርት። ጠበል የሚያጠምቁትን አባት። የወረዳውን የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን አናጢ። እኔን። የልጁን አባት አልጠራችም።

ጋሼ፦ አናጢ ደግሞ ለምን?

ሲስተር፦ አናጢውን ያመጣው የእሷ መልስ ነው። እኛ ባለሙያዎቹ ለልጁ የምንመኘውን ስንዘረዝር አንዱ መራመድ አለ፣ ሌላው ትምህርት ቤት አለ። እሷን «ከሁሉ አስቀድሞ ምን ቢሆንልሽ ትወጃለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ሳይታነቅ ቢበላልኝ» አለችኝ። ሄጄ ሲበላ አየሁት። በግራ ክንዷ አጋድማዋለች፣ አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል። ፍትፍቱን በጣቷ ወደ ጉሮሮው ትከታለች። አንዷን ጉርሻ ለማውረድ ፊቱ ይቀላል፣ ያስላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እሷ ትጣደፋለች፤ ገበያው እያመለጣት ነው። ምግቡ ሳይጋመስ ልጁ ይደክመውና ይተኛል። አንገት ወደ ኋላ ሲወድቅ ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ይሾልካል፤ ከዚያ ሳንባ ይገባል። ባለፈው ክረምት ደጋግሞ የያዘው የሳንባ ምች ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በሄደች ቁጥር አንቲባዮቲክ ተሰጥቷታል፤ ሲበላ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ጋሼ፦ እና አናጢው ወንበር ሊሠራ ነው።

ሲስተር፦ አዎ። ዳሌውም ጉልበቱም በማዕዘን ታጥፈው፣ እግሩ መርገጫ አግኝቶ የሚቀመጥበት ወንበር። ከጀርባው ሁለት ጣውላ ጥግ ሠርተው ይጋጠማሉ፤ ትከሻውን ወደ ፊት ያመጡለታል። ከፊቱ ክንዱን የሚያሳርፍበት ገበታ ይኖረዋል፣ መቀመጫው በስፖንጅ ይለበጣል። አገጩ ትንሽ ዝቅ ሲል መዋጥ ይቀለዋል። ልኩን ፊዚዮቴራፒስቱ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ከመቀመጫ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ የዳሌው ስፋት። ከውጭ የመጣ ወንበር ብናገኝ እንኳ ልጁ አድጎ ይጠበዋል። አናጢው ጎረቤት ነው፤ ልጁ ሲያድግ መርገጫውን ዝቅ ያደርግለታል።

ጋሼ፦ ጣውላ ከእድሩ ግቢ አይጠፋም። አባን መጥራቷ ግን ገርሞኛል፤ አንቺም እሺ ማለትሽ። የጤና ሰዎች ጠበል ሲነሳ ፊታቸው ሲጠቁር ነው የማውቀው።

ሲስተር፦ ፊታችንን ብናጠቁር ማን ይሰማናል? እንጦጦ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ፈውስ ፍለጋ የሚመጣበት ቦታ ነው። በኤች አይ ቪው ጊዜ መድኃኒታቸውን ትተው ወደ ጠበሉ የወጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እኔ ስንት ጊዜ ብናገር አማቷ አይሰሙኝም፤ አባ «መድኃኒቱን ውጦ ይጠመቅ» ካሏቸው ግን ነገሩ አበቃ። ሌላም የምለምናቸው አለኝ። የልጁ ሳንባ ደካማ ነው፤ የእንጦጦ ንጋት ደግሞ ውርጭ ነው። ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ያጥምቁልኝ።

ጋሼ፦ እሺ ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። አሁን እኔን የሚከነክነኝን ልንገርሽ። ገበና የሚባል ነገር አለ ልጄ። ባሏ ለምን እንደሄደ፣ የስንት ወር ኪራይ እንዳለባት፣ እነዚህ በጎረቤት ፊት የሚዘረገፉ ነገሮች አይደሉም። ዛሬ ተሰብስበን የሰማነው ነገ ቡና ላይ ይወራል። ድሀ ሰው የቀረው ክብሩ ነው። እሱንም ሸጣ ርዳታ እንድትገዛ ልታደርጊያት ነው?

ሲስተር፦ ይህ ፍርሃት እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ከእሷ ጋር ብቻችንን እንቀመጣለን፤ የሚነገረውንና የማይነገረውን የምትለየው እሷ ናት። እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ጠዋት ጽዳቱ ላይ ስትሆን ልጁን የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልጋት ብቻ ነው። ባሏ ለምን እንደሄደ ለዚያ ሥራ አያስፈልግዎትም። ዕዳ፣ ፍቺ፣ የደም ምርመራ ውጤት ሁሉም በሚያነበው ደብተር ላይ አይጻፉም። ቤት ውስጥ ድብደባ ያለ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ ለሕግ ነው፤ ጎረቤት ተቀምጦ አያስታርቀውም።

ጋሼ፦ ወሬ የሚያወጣ ቢገኝስ?

ሲስተር፦ ይህን እኔ ልጠይቅዎት። በሽምግልና የሰማውን ያወጣ ሰው ምን ይደረጋል?

ጋሼ፦ ሁለተኛ ለእርቅ አይጠራም። በእኛ ሰፈር ለአንድ ትልቅ ሰው ከዚያ የከፋ ቅጣት የለም።

ሲስተር፦ እንግዲያው ሥርዓቱን ከእናንተ እንወስዳለን። የቢሮ ሰዎችም ይገዙበት።

ጋሼ፦ ነገሩ ግን የፈረንጅ ሽታ አለው። ከየት ነው የተማራችሁት?

ሲስተር፦ ከፊሉ ከውጭ ነው፤ አልደብቅዎትም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቺካጎ ውስጥ ካርል ዴኒስ የሚባል ሰው የሚመራው ካሌይዶስኮፕ የተሰኘ ድርጅት ሌላው ሁሉ አንቀበልም ያላቸውን ልጆች ይቀበል ጀመር። ሕጉ ሁለት ነበር፤ የመጣ ልጅ አይመለስም፣ የገባ ልጅም አስቸገረ ተብሎ አይባረርም። አልሆን ሲል የሚለወጠው ድጋፉ ነበር። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው የኒውዚላንዱን ነው። እዚያ አገር ማኦሪ የሚባሉት ነባሮቹ ሕዝቦች «መንግሥት ልጆቻችንን እየነጠቀ ለባዕድ ይሰጣል» ብለው አቤት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሕግ ወጣ፤ ስለ ልጁ ከመወሰኑ በፊት ዘመድ አዝማዱ ተጠርቶ ይመክራል። ባለሙያው የሚያውቀውን ይናገርና ከክፍሉ ይወጣል። ቤተሰቡ ብቻውን መክሮ ሲጨርስ ተመልሶ ይሰማል።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ባለሙያው ነው የሚወጣው?

ሲስተር፦ ባለሙያው።

ጋሼ፦ በእኛ ሽምግልና «ገለል በሉልን» የሚባሉት ባለጉዳዮቹ ናቸው። እኛ መክረን እንጠራቸውና ውሳኔውን እንነግራቸዋለን። ይህኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለእርቅ የእኛው ይሻላል፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ብቻቸውን ቢቀመጡ መልሰው ይጣላሉ። ለልጅ ጉዳይ ግን እውነትም ቤተሰቡ ቢመክር ያምራል። ከውሳኔው ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸው።

ሲስተር፦ ቅዳሜም እንደዚያ ነው የማስበው። እኔ፣ የወረዳዋና መምህርቷ ተናግረን እንወጣለን። እርስዎ፣ አማቷ፣ አናጢው፣ እሷና አባ ትቀራላችሁ።

ጋሼ፦ ለመሆኑ ይህ የወረዳዋ ባለሙያ ሥራ አልነበረም? አንቺ መርፌሽን ይዘሽ ቤት ለቤት የምትዞሪ ነሽ።

ሲስተር፦ የእሷ ሥራ ነው፤ ልቧም አለ። ግን የስንት ቤት ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ እንዳለ ቢያዩ ያዝኑላታል። ይህ እጥረት ዛሬ የመጣ አይደለም። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ተዘጋና እንደገና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ያ ሙያ በዩኒቨርሲቲያችን አልተሰጠም። በዚያ መካከል ረሃብ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ኤች አይ ቪ አለ። የተሸከመው ማን ነው ቢሉኝ እድሩና አያቶች ናቸው። ስለዚህ እናንተን የምንጠራው ባለሙያ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ወላጅ አልባ ልጆችን ስትይዙ የተማራችሁት ስላለ ነው።

ጋሼ፦ እውነት ነው። ያኔ መተዳደሪያ ደንባችን ለቀብር ብቻ ነበር፤ ልጆቹ በራችን ላይ ሲቆሙ ቸገረን። «የሞተውን በክብር ቀብረን የተረፈውን በረሃብ ልንቀብር ነው ወይ?» ብለን ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን። ዛሬ ግን ሰው የሚለው አለ። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ማሳደጊያ ቢገባ እሷም አርፋ ሠርታ ትበላለች ይላሉ።

ሲስተር፦ ማሳደጊያ አስፈላጊ የሆነበት ጊዜ ነበር። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ሄደው ከረሃቡ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ባይመለሱ ስንቱ ልጅ አልቆ ነበር? ይህ ልጅ ግን እናት አለው፣ አያት አለው፣ ጎረቤት አለው። ያጣው ሳምንቱን የሚያቃናለት ነው። በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ተከልክሏል፤ ልጆቻችን እዚሁ ይደጉ አልን። እዚሁ ይደጉ ካልን የሚያሳድጓቸውን መደገፍ የክልከላው ግማሽ ነው። ያ ግማሽ ገና አልተሠራም።

ጋሼ፦ ከተማው በቅርቡ የልጆች ፕሮግራም ጀምሯል ይሉ የለም እንዴ? ቤት ለቤት የሚዞሩ ወጣቶች አያለሁ።

ሲስተር፦ የቀዳማይ ልጅነቱ ነው። ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆችን ይመለከታል፤ ለድሀ ወላጆች ቤት ድረስ ሄዶ ማማከር፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የመጫወቻ ቦታ። በጣም እደግፈዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ገና በጨቅላነቱ የሚገኘው በዚያ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ቢገኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልደረቀ። አሁን ግን ስድስት ሊያልፈው ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማን ይተላለፋል? ትምህርት ቤት ከገባ ምሳውን እዚያ ይበላል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን መመገብ ጀምረዋል። ግን ማን አስቀምጦ ያጎርሰዋል? አስታማሚ እናትን እንደ ሠራተኛ ብቻ ለሚያይ የሴፍቲኔት መዝገብስ ማን ያስረዳል? መምህርቷንና የወረዳዋን አንድ ላይ የምፈልጋቸው ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ እናትየው ራሷስ ይህን ሁሉ ትችለዋለች? ፊደል የቆጠረች አይመስለኝም። «ዕቅድሽን ተናገሪ» ብትሏት ተሸማቅቃ ዝም ብትልስ?

ሲስተር፦ መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ ሁሉም ዝም ይላሉ። ግን ልጁ ሊጥለው ሲል ከንፈሩ በየት በኩል እንደሚንቀጠቀጥ የምታውቀው እሷ ናት፤ ያንን ማንም ሐኪም አያውቅም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ያስታውሷቸዋል?

ጋሼ፦ የኦቲዝሟ። ነፍሷን ይማር።

ሲስተር፦ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከዚያ በፊት በአገራችን ኦቲዝም የሚለውን ቃል ስንቱ ያውቀው ነበር? እናት ናት የጀመረችው። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ተሞክሯል። ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፣ የሚፈልገውን በምን እንደሚያመለክት፣ ሲያስቸግር ምን እንደሚያደርጉ ወላጆችን ያስተምራል። ፊደል አይጠይቅም።

ጋሼ፦ ኑሮዋስ? ወንበሩም ጠበሉም ጥሩ ነው። ግን ያ ሸክም ይገድላታል።

ሲስተር፦ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክማ ነው የምትወርደው፤ አንዳንዴ ከፊት ልጁን ይዛ። እሷም አንስታዋለች። ቀድሞ እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሸማ እየሸመኑ ይሸጣሉ፤ ሽመናውን ልማር ትላለች፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ። ለጊዜው የሚይዛት የልጁ ነገር ነው።

ጋሼ፦ እንግዲህ እኔም ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አበል የሚባል ነገር አይነሳ። ስንት ኮሚቴ አይቻለሁ፤ አበሉ የቆመ ዕለት ሰዉም ይበተናል። ሁለተኛ፣ አንቺ ነገ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትዛወሪ ወረቀቱ መሳቢያሽ ውስጥ እንዳይቀር።

ሲስተር፦ ደብተሩ እናትየው ቤት ነው የሚቀመጠው። ሆስፒታልም ወረዳም ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች፤ ያየ ሁሉ የሠራውን እዚያው ይጽፋል። ከምጡ ጀምራ እንደገና አትተርክም።

ጋሼ፦ ማን ያነብላታል?

ሲስተር፦ ትልቋ ልጇ። አራተኛ ክፍል ናት።

ጋሼ፦ አራተኛ? ከእኔ የልጅ ልጅ ጋር እኩያ መስላኝ፤ እሱ ስድስተኛ ነው።

ሲስተር፦ እኩያው ናት። እናቷ ጠዋት ስትወጣ ወንድሟን የምትይዘው እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ደግማለች።

ጋሼ፦ ይህንን ማን ጻፈው? የትኛው ወረቀት ላይ አለ?

ሲስተር፦ የትም የለም። የልጁ ፋይል ስለ ልጁ ነው፤ የእሷ ፋይል ያለው ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያም «ትቀራለች» ነው የሚለው።

ጋሼ፦ በይ እሷም ትምጣ፤ ቅዳሜ ትምህርት የለም። ከወንድሟ በፊት የእሷ ይጻፍ። የእድሩ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በተራ ልጁን ይያዙ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ሰው ይበቃል። ባለቤቴን ሰኞ ላይ ጻፊያት፤ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ግን እነዚህ ሴቶች ሲጥለው ምን ያድርጉ? አፉ ውስጥ ማንኪያ ይከታሉ እኮ፣ ክብሪትም ያሸቱታል።

ሲስተር፦ ምንም አይክተቱበት። በጎኑ ያስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ ያድርጉለት፣ ሰዓት ይመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ጤና ጣቢያ። ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት መጥቼ አሳያቸዋለሁ፤ አምስቱንም በስምንት ሰዓት ይጥሩልኝ።

ጋሼ፦ ስምንት ሰዓት ገበያ ላይ ናቸው። ዘጠኝ ይሁን፤ ስብሰባውን ወደ አሥር ግፊው።